የመምህር አንማው ድምፅ

መምህር አንማው አረፉ ሲባል መጀመሪያ የመጣልኝ ለቅሶ አልነበረም። «ማን አያቸው?» ብዬ ጠየቅሁ። ባልደረባችን ናሆም የመምህራን ማረፊያ ክፍል በር ላይ ቆሞ ነበር የነገረኝ። ጥያቄዬ አላስገረመውም። «ቀብር ላይ የነበረ ዘመዳቸው ነው የደወለው» አለኝ። ያኔ ወንበር ፈልጌ ተቀመጥኩ።

እንዲያ የጠየቅሁት ወድጄ አይደለም። ለመምህር አንማው በሕይወት ሳሉ አንድ ጊዜ ተለቅሶላቸዋል። ከቡሬ ወዲያ ባለው የትውልድ መንደራቸው ድንኳን ተጥሎ፣ ዘመድ ተጠርቶ፣ እናታቸው ነጠላ አዘቅዝቀው ሲያለቅሱላቸው እሳቸው እዚህ ፍኖተ ሰላም፣ ከክፍሌ ግድግዳ ወዲያ፣ በሕይወት ነበሩ። ስለዚህ የእሳቸውን ሞት በወሬ ማመን አቃተኝ።

አሁን ግን እውነት ነው። ለቀብራቸው መድረስ አልቻልንም። ከፍኖተ ሰላም ቡሬ ድሮ ቁርስ በልቶ የወጣ ሰው ረፋድ ላይ ሻይ የሚጠጣበት መንገድ ነበር። ሰሞኑን እንደገና ተዘግቷል። ሄጄ ላለቅስላቸው ስላልቻልኩ ተቀምጬ ይህን እጽፋለሁ።

መምህር አንማው አማርኛ ያስተምሩ ነበር፤ እኔ ባዮሎጂ። ከትምህርት ቤቱ ብዙም ሳይርቅ፣ መሀሉ ላይ የማንጎ ዛፍ ባለበት ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን ተከራይተን ብዙ ዓመት ኖረናል። ቀጭን፣ ረዘም ያሉ፣ ጫማቸውን ጠዋት ጠዋት በእርጥብ ጨርቅ የሚጠርጉ ሰው ነበሩ። በበጋው ሙቀት እንኳ ሻርፕ ከአንገታቸው አይለይም። ሻርፑ ጠባሳ ይሸፍናል። ለዓመታት የተሸከሙት እንቅርት ትንፋሽ ሲከለክላቸው ባሕር ዳር ሄደው በቀዶ ሕክምና አስወጥተውት ነበር። ሐኪሞቹ ድምፅዎ ሊጎዳ ይችላል ብለው አስቀድመው ነግረዋቸዋል፤ እሳቸውም አስበውበት ነው የገቡት። ትንፋሻቸው ተመለሰ። ድምፃቸው አልተመለሰም። የቀራቸው ሹክሹክታ ብቻ ነበር።

ከዚያ በፊት ግን ዘፋኝ ነበሩ። በትምህርት ቤት መምህር፣ በጥርና በሚያዝያ ደግሞ የሰርግ ዘፋኝ። በቡሬ ዙሪያ ያገባ ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል «አንማው ነው የዘፈነልኝ» ይላል። እኔ ዘፈናቸውን አልደረስኩበትም። የማውቀው ሹክሹክታቸውን ነው።

ድምፅ የሌለው መምህር ጎረምሳ የሞላበትን ክፍል እንዴት ያስተምራል ብዬ መጀመሪያ ላይ አዝኜላቸው ነበር። አንድ ቀን በመስኮት በኩል ሳልፍ አየሁ። በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን ቀስ አድርገው መቱ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ተማሪው ሁሉ ወደፊት ጎንበስ ብሏል፤ የኋላ ወንበር ላይ ያሉት ግማሽ ተነሥተዋል። «ቀስ ብላችሁ ስሙኝ» ይሉ ነበር። አባባሉ የእሳቸው ብቻ ነው። በኋላ ተማሪዎቹ እርስ በርስ ሲጣሉ እንኳ «ቀስ ብለህ ስማኝ» ሲባባሉ እሰማለሁ።

አንድ ረፋድ ከከተማው ዳር ተኩስ ተሰማ። እኔ የማስተምርበት ክፍል ውስጥ ልጆቹ ወደ በሩ ተንጋጉ፤ እኔም አብሬ ሮጥኩ። የእሳቸው ክፍል በር አልተከፈተም። ነገሩ ከበረደ በኋላ ምን አድርገው እንደያዟቸው ስጠይቃቸው ትከሻቸውን ሰበቁ። «ማስተማሬን አላቆምኩም። ወይ ጥይቱን ይሰማሉ፣ ወይ እኔን» አሉ። «ሁለቱን አንድ ላይ መስማት አይቻልም።»

መንገድ ሲዘጋ ከተማ ምን እንደሚመስል ላልኖረበት ሰው መናገር ይከብዳል። ገበያው አለ፣ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ሰውም አለ። ግን የሚመጣ የለም፣ የሚሄድ የለም። ያው ፊት ከያው ፊት ጋር ይገናኛል። ወሬው አልቆ እንደገና ከመጀመሪያው ይወራል። ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ የየግቢው በር ይዘጋል። ለአጭር ጊዜ ብሎ የመጣ ሰው ልብሱ እስኪያልቅ ይኖራል። ናሆም እንዲህ ነው የቀረው። አዲስ አበባ ያደገ የኮምፒውተር መምህር ነው፤ ዓመት አገልግዬ እመለሳለሁ ብሎ መጥቶ ከእኛ ጋር ተቆለፈበት።

የመምህር አንማው መታሰር ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። እናታቸው እማማ ውዴ አሮጊት ናቸው፤ የአገው ሰው ናቸው፤ ከቡሬ ወዲያ ብቻቸውን ይኖራሉ። መንገድ ሰላም በነበረ ጊዜ መምህሩ በየበዓሉ እየሄዱ ያዩአቸው ነበር። መንገዱ ሲዘጋ የቀረው ስልክ ነው። እማማ ውዴ የቁልፍ ስልክ አላቸው፤ ጆሯቸው ደከም ብሏል። የመምህሩ ሹክሹክታ ደግሞ በስልክ አይሄድም። ስለዚህ ኔትወርክ በመጣ ቁጥር በሬን አንኳኩተው ይገባሉ። እኔ እደውላለሁ። እሳቸው በጆሮዬ ሹክ ይላሉ፣ እኔ ጮክ ብዬ አስተላልፋለሁ።

«እማማ፣ ደህና ነኝ ይላሉ። በርበሬው ተለቀመ ወይ ይላሉ።»

«ተለቅሟል በይው። ቀዝቃዛ ውኃ አትጠጣ ብላሃለች በይው።»

መምህሩ በጆሯቸው የሰሙትን እንኳ እኔ ደግሜ እስክነግራቸው በትዕግሥት ይጠብቁ ነበር። እናታቸው ለእሳቸው ያሉት ነገር በእኔ በኩል እንዲያልፍ ደንብ አድርገውታል። አንዳንዴ የሚሉኝ ነገር ለእኔ ለማስተላለፍ የሚያሳፍር ይሆናል፤ አንድ የጎለመሰ ሰው ለእናቱ የሚለው ፍቅር። ያኔ ግድግዳውን እያዩ ነው ሹክ የሚሉኝ።

የትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በየጊዜው ሲራዘም ቆይቶ ጥር ላይ እንዲከበር ተወሰነ። ወላጆች፣ የቀድሞ ተማሪዎች፣ የከተማው ሽማግሌዎች ተጠሩ። ረጅም ጊዜ ተዘግቶ ለከረመ ትምህርት ቤት ትልቅ ነገር ነበር፤ ሰው አንድ ቀን እንኳ ተሰብስቦ መሳቅ አምሮታል። ዘፋኝ ከባሕር ዳር እንዲመጣ ተነጋግረን ነበር። መምጣት አልቻለም። ርዕሰ መምህሩ በስብሰባ ላይ ይህን ነገረን። ናሆም ነው እጁን ያወጣው።

«አትጨናነቁ። ግጥም ይኑር እንጂ ዘፈኑን ኤአይ ይሠራዋል» አለ።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲባል ሁላችንም የሰማነው ነገር ነው፤ ሲሠራ ግን ያየ አልነበረም። ናሆም አስረዳን። ግጥሙን ጽፈህ ትሰጠዋለህ፣ ምን ዓይነት ዜማ እንደምትፈልግ ትነግረዋለህ፣ እሱ መሣሪያውንም ዘፋኙንም ፈጥሮ ያመጣልሃል። የሚያስፈልገው ኢንተርኔት ነው። እሱ ደግሞ የሚገኘው ዋይፋይ ባለው አንድ ሆቴል ብቻ ነበር። ግጥሙን ማን ይጽፋል ሲባል ሁሉም ዞሮ ወደ መምህር አንማው አየ።

በማግሥቱ ከሰዓት ሦስታችን ሆቴሉ ጥግ ላይ ተቀመጥን። መምህሩ የጻፉት ረጅም አልነበረም። ከውስጡ ይህ ትዝ ይለኛል፦

ፀጉሬ ላይ ያረፈው የጠመኔ ብናኝ፣
ሽበት መሰለና ሽማግሌ አስባለኝ።
ቸርኬው ተሰቅሎ ዛፉ ሥር ባይሰማ፣
ያስተማርኩት ልጅ አለ በየሩቁ ከተማ።

ቸርኬ የተባለው ደወላችን ነው፤ ከአሮጌ ጭነት መኪና የወጣ፣ ዛፍ ላይ የተሰቀለ ብረት። ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ማንም አልመታውም።

ናሆም ግጥሙን ጽፎ አስገባ። ትንሽ ቆይቶ ዘፈን መጣ። ማሲንቆው ቫዮሊን ይመስላል፤ ዘፋኙ አማርኛን ከመጽሐፍ ያጠና የውጭ አገር ሰው ይመስላል። መምህር አንማው ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው እስከ መጨረሻው ሰሙት። «ጎበዝ ልጅ ነው» አሉ። «አገሩ የት ነው ግን?»

ናሆም ሳቀ። ከዚያ ሥራው ተጀመረ። መምህሩ የጎጃሙን ምት በጣታቸው ጠረጴዛው ላይ መቱለት፣ ናሆም በስልኩ ቀዳው፣ ለማሽኑ ሰጠው። ኔትወርኩ ይቋረጣል፣ መብራት ይጠፋል፣ እንመለሳለን። ለቀናት እንዲሁ ተመላለስን። ዜማው ቀስ በቀስ ወደ እኛ ቀረበ። አስተናጋጇ ሻይ ስታቀርብ ትከሻዋን ስትነቀንቅ ያየን ጊዜ መምህሩ በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን መቱና «አሁን ደረሰ» አሉ።

አንዲት ቃል ግን አስቸገረች። «ያስተማርኩት ልጅ አለ» የሚለውን ማሽኑ አላልቶ ነው የሚያነበው፤ ልጁ ይገኛል ማለቱ ቀርቶ ልጁ ተናገረ ማለት ይሆናል። ናሆም ቢለውም ቢለውም አልስተካከል አለው። መምህሩ ግን ተወው አሉት። «ይቆይ። ምን አለ ብለው ይጠይቁ» አሉ። ይህን ሲሉ ፊታቸው ላይ ያየሁት ደስታ የድሮ ሰው ደስታ ነበር፤ ሰምና ወርቅ ሳይፈልጉት ሲገኝ የሚሰማ ዓይነት።

ድምፁ ነው ያልተወደደው። ናሆም ነገሩን በቀላሉ ጠየቀ። «ጋሼ፣ ድሮ ሲዘፍኑ የተቀዳ የለዎትም? ትንሽ ካገኘ በእርስዎ ድምፅ ይዘፍነዋል።» መምህር አንማው ሻያቸውን ጨርሰው ተነሥተው ሄዱ። ተቀይመዋል ብለን ነበር። በማግሥቱ በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት ይዘው መጡ። የአንድ ሰርግ ቅጂ ነው። ድምፃቸው ከሄደ ወዲህ ከፍተውት አያውቁም ነበር።

ማሽኑ በእሳቸው ድምፅ የዘፈነ ቀን እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ያልደረስኩበትን ድምፅ ያኔ ሰማሁት። ወፍራም፣ ሞቅ ያለ፣ ጫፉ ላይ ትንሽ የሚሰበር። መምህሩ ዓይናቸውን ጨፍነው ከንፈራቸው ከግጥሙ ጋር ይንቀሳቀስ ነበር፤ ላየ ሰው የሚዘፍኑት እሳቸው ናቸው። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ። ሲያልቅ «እንደገና» አሉ። ናሆም ወደ እኔ አየ፣ እኔ ወደ መስኮቱ አየሁ።

በበዓሉ ቀን ዘፈኑ ከሞንታርቦው ሲወጣ ሜዳው ላይ የነበረው ሰው መጀመሪያ አንገቱን አሰገገ። ከዚያ አንድ ሽማግሌ «አንማው!» አሉ፤ ሰው ሁሉ መምህሩን ፍለጋ ዞረ። ሴቶች እልል አሉ። ድሮ እሳቸው ዘፍነውላቸው ያገቡ ሰዎች እያለቀሱ ጨፈሩ። ሰው ከበባቸው፣ ዳኑ እንዴ እያለ ጨበጣቸው። እሳቸው ራሳቸውን እየነቀነቁ ወደ ሞንታርቦው ይጠቁማሉ። የሚሉትን ግን ማንም አይሰማም፤ ዘፈኑ ይጮኻል። የገዛ ድምፃቸው እሳቸውን ሸፈናቸው።

በዓሉ ሳያልቅ ቀድመው ወጡ። ግቢያችን ስደርስ የማንጎው ዛፍ ሥር በርጩማ ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። እንዴት ነበር አልኳቸው።

«ቆንጆ ነው» አሉ። «ድምፁ ከአጥሩ በላይ አልፎ ሄደ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ።»

ከዚያ ወዲህ ነው ክፉው ወሬ የመጣው። በከተማችን አንድ መምህር በተባራሪ ጥይት ሞቶ ነበር። የእኛ ትምህርት ቤት ሰው አልነበረም። ወሬው ግን ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ፣ ቡሬን አልፎ እማማ ውዴ ቤት ሲደርስ፣ የሞተው አንማው ሆኖ ደረሰ።

እማማ ውዴ ራሳቸው ደወሉ። ድምፃቸው የተረጋጋ ነበር፤ ያስፈራኝም እሱ ነው።

«ልጄ፣ መርዶ በስልክ አይነገርም ብለሽ ከሆነ እኔ ችያለሁ። ንገሪኝ።»

አጠገቤ ናቸው አልኳቸው። አጠገብሽ ከሆነ ስጪኝ አሉ። መምህሩ ስልኩን ተቀብለው የቻሉትን ያህል ተናገሩ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። ከአፋቸው የወጣው ግን አየር ነበር።

«ነፋስ ነው የሚሰማኝ» አሉ እናታቸው።

ያልሞከርነው የለም። በልጅነታቸው የወደቁበትን ጉድጓድ፣ የመጀመሪያ በሬያቸውን ስም፣ አባታቸው ሲሞቱ የተባባሉትን ሁሉ ሹክ አሉኝ፣ እኔ ነገርኳቸው። ይህንን ድሮ አጫውቶሽ ይሆናል አሉ። ደብዳቤ ከመንገደኛ ጋር እንልካለን አልኩ። እኔ ማንበብ አልችል፣ ማን እንደጻፈው በምን አውቃለሁ አሉ። የእሳቸው ስልክ ምስል አያሳይም፤ በዚያ አገር ኢንተርኔት የሚባል የለም። በዓይኑ አይቶ ሊመሰክር የሚሄድ ሰውም አልተገኘም። መርዶ ላለመናገር የሞተን ሰው ደህና ነው እያልን ዘመዱን ስንቱን ቀን እንደምናቆይ እሳቸውም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። እኔ አጥብቄ በማልኩ ቁጥር የባሰ ውሸት ይመስላል።

በሦስተኛው ደወል መምህር አንማው እጄን ያዙኝ። «ዘፈኑን አሰሚያት» አሉ።

እርግጠኛ ነዎት ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። ድምፄን ታውቀዋለች፣ ሌላ ምን አለኝ አሉ። የናሆምን ቅጂ በእኔ ስልክ ከፍቼ ጥሪው ካለበት ከመምህሩ ስልክ ጋር አገጣጠምኩት። ዘፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ሄደ። ከወዲያ ምንም አይሰማም። ተቋርጦ ይሆናል ብዬ ሳየው ሰከንዱ ይቆጥራል።

«እግዜር ይስጥሽ፣ ልጄ» አሉ እማማ ውዴ በመጨረሻ። «በዘዴ ነገርሽኝ።»

«እማማ…»

«ገብቶኛል። የልጄ ድምፅ ሐኪም ቤት ቀርቷል። በሕይወት ያለ ሰው የሞተ ድምፁን አይልክም። ሲሞት ነው ካሴቱ የሚከፈት።»

አይደለም፣ ማሽን ነው የሠራው፣ አዲስ ዘፈን ነው እያልኩ ጮህኩ። የሚሰሙኝ አልሆኑም። በአገውኛ ማልቀስ ጀመሩ። እኔ አገውኛ አልችልም። ስልኩን ልዘጋ ስል መምህሩ እጄን ያዙ። እናታቸው ለእሳቸው የሚያወርዱትን እንጉርጉሮ ቃል በቃል እየተረዱ፣ ጆሯቸውን ስልኩ ላይ ለጥፈው፣ እዚህ ነኝ ለማለት አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ አዳመጡ። ኔትወርኩ እስኪጠፋ ድረስ። ሰው ግድግዳ በሌለበት ቤት ውስጥ ሲታሰር ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

በማግሥቱ ጠዋት ጫማቸውን ሳይጠርጉ በሬ ላይ ቆሙ። ልሄድ ነው አሉ። መንገዱ ዝግ ነው አልኳቸው።

«ለመኪና ነው የተዘጋው» አሉ።

እኔን ያስፈራኝ ርቀቱ አልነበረም። መሀል መንገድ ላይ ካለችው ማንኩሳ ወዲያ ማን የት እንደቆመ አይታወቅም። ቁም፣ ማነህ ተብሎ የሚጮህ ሰው ጮክ ያለ መልስ ይጠብቃል። እሳቸው ጮክ ማለት አይችሉም። ይህን ስላቸው እጄን አነሣለሁ አሉ። ናሆም ሮጦ መጣ። ስልካቸው ላይ በድሮ ድምፃቸው «መምህር ነኝ፣ ወደ እናቴ ነው የምሄደው» የሚል ላስገባልዎት፣ ሲያስቆሙዎት ይጫኑታል አላቸው። መምህሩ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት።

«በዚያ ድምፅ እናቴን አንድ ጊዜ ገድያታለሁ» አሉ። «ይበቃኛል።»

ሻርፓቸውን አስተካክለው ወጡ። ከዚያ በኋላ የነበሩትን ቀናት መናገር አልወድም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር። አስተምራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ስልኩን አያለሁ። ናሆም ኮምፒውተሩን አልነካም። ተማሪዎቻቸው መምህሩ የት ሄዱ ብለው ሲጠይቁኝ ቤተሰብ ጋ አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ እኔም ነገር የምሸፍን ሰው መሰልኩ።

ስልኩ የጮኸው ክፍል ውስጥ እያለሁ ነው። የእማማ ውዴ ቁጥር ነው። ጠመኔውን አስቀምጬ ወጣሁ። «እማማ፣ መጡ?» አልኩ።

«ድምፅ የለውም» አሉኝ። «እሱ ነው።»

እንዴት እንደገቡ በኋላ ዘመዶቻቸው አጫወቱኝ። መምህር አንማው የሰው ዓይን ሸሽተው በእርሻው መሀል መሀል ነው የሄዱት። መንደሩ ሲደርሱ ድንኳኑ እንደተተከለ ነበር። ያዩዋቸው ሴቶች ጮኸው ሸሹ፤ ወንዶቹም ከመቀመጫቸው ተነሥተው ደነገጡ። እሳቸው ማንንም ሳያናግሩ ወደ ቤት ገቡ። እማማ ውዴ ፊታቸውን በነጠላ ሸፍነው ጥግ ላይ ነበሩ። ጫጫታውን አዲስ ለቀስተኛ የመጣ መስሏቸዋል። አንድ ሰው አጠገባቸው ሲንበረከክ ሊያጽናናቸው መስሏቸው እጃቸውን ዘረጉ። ሰውየው እጃቸውን ይዞ ሻርፑን ፈትቶ ጠባሳው ላይ አኖረው። ከዚያ በጆሯቸው ሹክ አለ። ምን እንዳላቸው እስከዛሬ ማንም አያውቅም።

መምህር አንማው ተመልሰው አልመጡም። መጀመሪያ እናታቸው በለቅሶው ተጎድተው ተኝተው ስለነበር አስታመሙ። እናታቸው ሲያገግሙ መንገዱ ባሰበት። እሳቸውም እዚያ ታሰሩ፤ እስሩ ግን ከቀድሞው ይሻላል ብለው ነበር። የመንደሩ ትምህርት ቤት ስለተዘጋ ልጆችን እናታቸው ግቢ ሰብስበው ማስተማር ጀመሩ። ይህን ሁሉ የሰማሁት በእማማ ውዴ አፍ ነው። አሁን እሳቸው ናቸው ስልኩን የሚይዙት። ልጃቸው በጆሯቸው ሹክ ይላል፣ እሳቸው ጮክ ብለው ለእኔ ያስተላልፋሉ።

«የአሥረኛ ክፍሎች ፈተና እንዴት ሆነ፣ ይላል። የክፍሉ መስኮት ተሠራ ወይ፣ ይላል።»

ክረምቱ ሲገባ ሳል ጀመራቸው። ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ራሳቸው አይደሉም፣ እናታቸው ናቸው፤ ከጎናቸው ሆነው «አትንገሪያት» ያሏቸው ግን መሰለኝ፤ እማማ ውዴ አንድ ነገር በአገውኛ ገሠጿቸው።

ከመጨረሻዎቹ ጥሪዎች በአንዱ ናሆም አጠገቤ ነበር። ከበዓሉ ወዲህ በሆዱ የያዘው ነገር ነበረው። ያ ድምፅ አሁንም ማሽኑ ውስጥ አለ፤ ላጥፋው ወይስ ይቀመጥ ብሎ እንድጠይቅለት ለመነኝ። ተማሪዎች ለልደት ሰላምታ፣ ለሰርግ ጥሪ እያሉ በመምህሩ ድምፅ እንዲያናግርላቸው ይጠይቁት ጀምረው ነበር። ጠየቅኋቸው። ከወዲያ በኩል ረጅም ሹክሹክታ ሆነ። እማማ ውዴ ደግመው ደጋግመው «እ?» እያሉ አዳመጡ።

«ለትምህርት ቤቱ በዓል ይዝፈን፣ ይላል። ዘፈኑ የልጆቹ ነው፣ ይላል። ለሰው ሰላም በል ብላችሁ ግን አታናግሩት፣ ይላል።» ነገሩ ሙሉ በሙሉ እንዳልገባቸው ከድምፃቸው ያስታውቃል። «ማነው ሰላም የሚለው? ሌላ ሰው በእሱ ስም ይናገራል እንዴ?»

እንደቻልኩ አስረዳኋቸው። ማሽኑ የድሮ ድምፃቸውን ይዞታል፣ ያልተናገሩትንም ማናገር ይችላል፣ እሳቸው ያን አልፈለጉም አልኩ። እማማ ውዴ ይህ ሁሉ ምን ያደርጋል በሚል ዓይነት መለሱልኝ።

«ሰላምታውንማ እኔ አደርስ የለ» አሉ።